የእድር ጥሩምባ እና የሽሮ ማስታወቂያ

ነገሩ የተጀመረው በሽሮ ነው። «ፍልስፍናም በሽሮ ይጀመራል እንዴ?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የእኛ እንደዚያ ተጀመረ ከማለት በቀር መልስ የለንም። በመኝታ ክፍላችን ካለነው አምስት ልጆች የአንዳችን እናት ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። በርበሬውን የሚቀነጥሱት፣ የሚያጥቡት፣ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት፣ ኮረሪማውንና ነጭ ሽንኩርቱን በልኩ የሚያገቡት፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፈው የሚያስፈጩትም ራሳቸው ናቸው። ሙያቸው የተመሰገነ ነው፤ ገበያው ግን ከሰፈራቸው አላለፈም። እኛም ባለፈው ዓመት፣ ተምረናል ባዮቹ፣ «ዛሬ ደንበኛ የሚገኘው በቴሌግራም ነው» አልንና ነገሩን በእጃችን አደረግነው።

ያደረግነው ይህን ነው። አንድ ግሩፕ ከፈትን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን በስልካችን ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ እዚያ ገለበጥነው። የክፍል ጓደኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ፣ አንድ ጊዜ ኖት የተዋሰን ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ አከራይ ሳይቀር። ቴሌግራም እንደሆነ፣ ሰውየው ራሱ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ካልከለከለ በቀር፣ ሌላው ሳይጠይቀው ግሩፕ ውስጥ ሊከተው ይችላል። 214 ሰው ሞላን። ማንንም አላስፈቀድንም፤ እውነቱን ለመናገር ማስፈቀድ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለውም አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት 31 ኪሎ ሽሮ ተሸጠ። ሠላሳ አንድ ኪሎ! ዲግሪ የተጫነልን ያህል ኮራን።

በሦስተኛው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ፣ ሰው ስልኩን አትኩሮ የሚያየው ማታ ሊተኛ ሲል ነው የሚል ጥናት አመጣ (ጥናቱ የራሱ ነው)። ስለዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ «የጾም ሽሮ ደርሷል» ብለን ሦስት ፎቶ አከታትለን ላክን። በማግስቱ ምሳ ሰልፍ ላይ አንዲት የትምህርት ክፍላችን ልጅ መጣችና አጠገባችን ቆመች። አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ አስታማሚው ወንድሟ ስለነበረ፣ ድንገት ቢደውል ወይም ቢጽፍ ብላ የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ትራስጌዋ ላይ አስቀምጣ ነው የምትተኛው። አልጮኸችብንም። «ትናንት ማታ አባቴን ሦስት ጊዜ ገደላችሁብኝ» አለችን፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አባቷ በኋላ ድነው ወጥተዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነን ቀጥሎ የሰማነው ነው። «ታዲያ ለምን ከግሩፑ አልወጣሽም?» ብለን ጠየቅናት። «እንዴት ልውጣ? የእናቱ ሥራ አይደል?» አለች። ቆይቶ ደግሞ አንድ ኪሎ ገዝታን እንደነበረ ትዝ አለን። ልብ በሉ፣ ልጅቱ የምትኖረው ዶርም ነው። ምድጃ የላትም፤ ድስት የላትም። ሽሮው በፌስታል እንደታሰረ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያንን 31 ኪሎ መለስ ብለን ቆጠርነው። ስንቱ ነው ሽሮ ስላማረው የገዛ? ስንቱስ ነው «እምቢ ብል ምን ይሉኛል» ብሎ የገዛ? እኛ ሽያጭ ነው ብለን የመዘገብነው ገንዘብ ከፊሉ የይሉኝታ ግብር ነበር። ብዝበዛ የሚለውን ቃል ለትልልቁ ከበርቴ ብቻ አስቀምጠነው ስለኖርን፣ በአንድ ኪሎ ሽሮም ሰው ሊበዘበዝ እንደሚችል አልታየንም። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አቻችሎ የሚያኖረው እሱ ነው። ግን በር የለውም። ይሉኝታ ያለበት ሰው ዝም ሲል ተስማማ ማለት አይደለም፤ ግሩፑን ጥሎ ሲወጣ «እገሌ ወጣ» እንዳይባልበት ፈርቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ ያንን ዝምታ «ደንበኛ» ብለን ጠራነው።

ለመሆኑ ይህ አመል የመጣው ከየት ነው ብለን ጥቂት ብናነብ ሁለት ታሪክ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ተርክ የሚባል አሜሪካዊ፣ የኮምፒውተር ሻጭ ድርጅት ሠራተኛ፣ ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው ነገር ገና በእንጭጩ ሳለ፣ አዲስ ኮምፒውተር መጥታችሁ ተመልከቱ የሚል ግብዣ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ባንዴ ላከ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ብዙዎቹ ተቆጡ። ሰውየው ግን በዚያው ግብዣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሽያጭ እንዳገኘ በኋላ ሲናገር ኖሯል። ሁለተኛው ለእኛ ቀረብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የሚባሉ የአሪዞና ጠበቆች፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ማስታወቂያ በሺህ በሚቆጠሩ የመወያያ ቡድኖች ላይ በተኑት፤ የሙዚቃው ቡድን፣ የሒሳቡ ቡድን፣ የአትክልቱ ቡድን ሳይባል። ማስታወቂያው ስለምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ዲቪ! ለዕጣው ማመልከቻ እናዘጋጅላችሁ፣ ክፈሉን ነው ነገሩ። «ዲቪ እንሞላለን» የሚለውን ጽሑፍ በየሱቁ በር ላይ እያነበብን ያደግን እኛ፣ የአይፈለጌ መልእክት አያቶች ከኛው የአሜሪካ ሕልም ጋር መዛመዳቸውን ስናውቅ መሳቅም ማዘንም ቃጣን።

ከሁለቱም ታሪክ የምንማረው ደስ የማይል ነገር ነው፤ መረበሽ ያዋጣል። «ሰውን አትረብሹ፤ ከረበሻችሁ አይገዛችሁም» የሚለው ምክር ጨዋ ይመስላል እንጂ ግማሹ ሐሰት ነው። ይገዛል። 31 ኪሎ ተገዝቶልናል። ስለዚህ የሚያዋጣውን ትተን ትክክል የሆነውን መፈለግ ነው የቀረን።

በክፍል ውስጥ ስለ ካንት ስንማር፣ ሰውን እንደ መሣሪያ አትጠቀም ብሏል ብለን ለፈተና ሸመደድን። እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ሰውን እንደ መሣሪያ *ብቻ* አትጠቀም፣ ሁልጊዜም በራሱ ግብ መሆኑን አትርሳ ነው ያለው። ይህቺን «ብቻ» የምትል ቃል ብንጥላት ሱቅ የሚባል ነገር ሁሉ ኃጢአት ይሆናል። ባለሱቁ በእኛ ይጠቀማል፤ እኛም በሱ እንጠቀማለን፤ ነገር ግን ከደጁ ሳንገባ ማለፍ እንችላለን። አሪስቶትል ደግሞ በኒቆማኪያ ሥነ ምግባሩ ስምንተኛ ክፍል ወዳጅነትን በሦስት ይከፍላል፤ በጥቅም፣ በደስታና በበጎነት የቆመ ብሎ። በጥቅም መወዳጀትን አያወግዝም። እኛ ያጠፋነው፣ ያቺን ልጅ ከአንዱ ዓይነት ወዳጅነት ወደ ሌላው ሳንነግራት ማዛወራችን ይመስለናል። ማታ ጓደኛችን ሆና ተኛች፤ ጠዋት ደንበኛችን ሆና ተነሣች።

ይህንን ከካንት በፊት አገራችን ታውቀዋለች ብንል ትምክህት አይሁንብን። ሰው ቤት ሲኬድ አጥር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል፤ ከዚያ ይጠበቃል። «ማነው? ይግቡ» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ እንግዳው ውጭ ነው። ቆራሌውን ተመልከቱት። በጠዋቱ መንደሩን በድምፁ ይሞላዋል፤ እንቅልፍ የነሣን ቀን ስንት ነው! ሆኖም አሮጌ ጫማ ያለው ይጠራዋል፣ የሌለው ይተኛል፤ ቆራሌው መኝታ ቤት ድረስ ዘልቆ ትራስ አጠገብ ቆሞ «ያለህ!» አይልም። ሌላም ነገር አለ፤ ቆራሌው ይደክመዋል። ጉሮሮው ይዘጋል፣ እግሩ ይዝላል፣ ሰፈሩ ያልቃል። የኛ ጣት ግን ለአንድ ሰውም ለ214 ሰውም ስትልክ ድካሟ ያው ነው። የቀድሞ ሻጭ ይሉኝታ ባይኖረው እንኳ ድካም ያርመው ነበር። እኛን ማን ያርመን?

ይህን ሁሉ ለባለ ሽሮዋ እናት ለማስረዳት እሑድ ዕለት ቤታቸው ሄድን። ቡና አፍልተው ጠበቁን። እስከ መጨረሻው ሰሙንና፣ «ገበያ እኮ ጩኸት ነው ልጆቼ። እኔ ሽሮ ሸጥኩ እንጂ ሰው መች ገደልኩ?» አሉ። ቀጥለውም ትልልቆቹ ድርጅቶች በቴሌቪዥን፣ በመንገድ ሰሌዳ፣ በታክሲ ሬዲዮ ሲጮኹ ማን ዝም በሉ እንዳላቸው ጠየቁን። «ለነሱ ብር አላቸው፤ ለኔ ልጄና ጓደኞቹ አሉኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢን ማታለል አንወድም፤ መልስ አጣን። ጨዋነት ለባለጸጋ የቀለለ ነገር ነው። መቶ ሰሌዳ ለሚያቆም ድርጅት «ሰው በስልኩ አትረብሹ» የሚል ሕግ ምንም አይጎዳውም፤ ዘመድና ወዳጅ ብቻ ላላት ሴት ግን ያንኑ ሕግ ስትሰጣት አፏን መዝጋት ነው። ከሰው ጋር መኖር ለድሃ ካፒታሉ ነው። ታዲያ በካፒታሉ አይጠቀም ሊባል ነው?

ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ ስንከራከር ከመካከላችን አንዱ የዳታውን ነገር አነሣ። ፎቶ ስንልክ የሚያወርደው የተቀባዩ ዳታ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚኖረው በቀን ጥቅል ነው፤ ሜጋባይቷን እየቆጠረ። ድርጅቱ ለሰሌዳው ራሱ ይከፍላል፤ ለኛ ማስታወቂያ የከፈሉት ግን ምንም ያላሉት 214 ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከእናትየዋ የተሻለ ኑሮ የላቸውም። ማስታወቂያው ነፃ የመሰለን ከፋዩ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። የድሃ ጩኸት በድሃ ኪስ! እናትየዋ ይህንን ስንነግራቸው ብቻ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተደናገጡት። «ሰው በኔ ገንዘብ ያወጣል?» አሉ።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የእድር ጥሩምባ ዛሬ በብዙ ሰፈር በስልክ ቢተካም ድምፁን የማያውቅ የለም። ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ሥራውን ጥሎ የሚወጣው ጥሩምባ ነፊውን ስለሚወድ አይደለም፤ ያለ ሞት እንደማይነፋ ስለሚያውቅ ነው። አንድ ብልጥ ጥሩምባውን ተውሶ ቅቤ መጣ ብሎ ቢነፋ በመጀመሪያው ቀን ቅቤው ሁሉ ይሸጥለታል። በሦስተኛው ቀን ግን ሰው ሲሞት የሚወጣ አይኖርም። ብልጡ የሸጠው ቅቤውን ብቻ አይደለም፤ ሌሎች በብዙ ዓመት ያጠራቀሙትን እምነት ጨምሮ ነው።

የኛም ክፍል ጥሩምባ ነበረው፤ የሴክሽናችን ግሩፕ። ተወካያችን የፈተና ቀንና ክፍል የሚለጥፍበት ነው። የሽሮውን ማስታወቂያ እዚያም ለጠፍነው። ያን ጊዜ ማንም ምንም አላለም። በሳምንቱ የስልክ ሽፋን መጣ፤ ከዚያ ያገለገለ ጫማ፣ ከዚያ «አሳይመንት እንሠራለን»። ሰው አንድ በአንድ የግሩፑን ድምፅ አጠፋ። በሴሚስተሩ ማብቂያ የአንድ ፈተና ክፍል ተቀየረና ተወካያችን ማታውኑ ለጠፈ፤ ጠዋት ስድስት ልጆች ባዶ ክፍል በር ላይ ቆመው ተገኙ። አንዱ ከኛው ነው፤ የራሳችንን ጥሩምባ ራሳችን አልሰማንም። ከመምህሩ ጋር የተደረገውን ልመና አንተርከውም፤ አሳፋሪ ነው። በሩን ማን ከፈተው ቢባል ግን እኛ ነን።

ያደረግነውን እንንገራችሁ፤ እንደ ምሳሌ አይደለም። በግሩፑ ላይ አንድ የመጨረሻ መልእክት ጻፍን፤ ግሩፑ ዓርብ ይዘጋል፣ ሽሮ የሚፈልግ በዚህ ቻናል ራሱ ይግባ፣ የማይፈልግ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ይህቺን የመጨረሻዋን ሐረግ ለመጻፍ አንድ ማታ ፈጀን። መውጣት ድፍረት የሚጠይቅ ከሆነ ሰው በይሉኝታ ይቀራል፤ ስለዚህ ድፍረት የሚጠይቀው መግባቱ እንዲሆን ፈለግን። ቻናል ደግሞ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ ለሌላው አያሳይም። የቻናሉን ስም በሽሮው ፌስታል ላይ ለጥፈናል። በአስራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጽሑፍ ብቻ እንልካለን፤ ፎቶ የፈለገ ይጠይቃል።

ከ214 ሰው 37 ገባ። ከ31 ኪሎ ወደ 9 ወረድን። ይህንን ቁጥር አሳምረን ልናቀርበው አንችልም፤ እናትየዋ ሁለት ታናናሽ ልጆች ያስተምራሉ። በሌላ በኩል ከ37ቱ ውስጥ ማናችንም የማናውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ፌስታሉን ከሰው ቤት ያዩ። አንዷ ለምሳሌ በርበሬው ላይ ኮረሪማው ይብዛልኝ ብለው ጻፉ። እናትየዋ ያን መልእክት ሁለቴ አስነበቡን። ከ214ቱ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ስለ ቅመሙ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር።

አሁን ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። የሽሮ ገበያ ማለት ያን ጊዜ ነው። የ214ቱ ስም ዝርዝር አሁንም በስልካችን አለ። ባለፈው እሑድ እናትየዋ ቡናውን እየቀዱ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጾሙ መግቢያ፣ በቀን፣ ያለ ፎቶ?» አሉን። ዶርም ተመልሰን ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለሁለት ተለያየን፤ ልጃቸው ከነማን ጋር እንደቆመ ብንጽፈው ቅር ይለዋል። የተሸነፉት ሁለቱ ድጋሚ ይሰጥልን ብለዋል፤ ቅዳሜ ማታ እንሰበሰባለን።