መሪው እጅ ሲያጣ

በዚህ ገጽ ስለ መኪና መጻፋችን አንዳንድ ወንድሞችንና እኅቶችን ያስገርም ይሆናል። መኪና የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ ነው ወይ? የሚሉን አይጠፉም። እኛ ግን ነው እንላለን። በዘመናችን አሮጌው መኪና የቀድሞ ልቡ እየወጣ ሌላ ልብ ይገባለታል፤ አዲሱ ደግሞ ነጂ ሳይኖረው በራሱ መሄድ ጀምሯል። ስለ አሮጌው «ይህ ያው የድሮው ነው ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ስለ አዲሱ ደግሞ «ጥፋት ሲደርስ ማን ይጠየቃል?» ብለን። ቀለል ያለውን እናስቀድም።

በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ቮልስዋገንን ያውቃል፤ ያቺን ጎበጥ ያለችውን፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠውን፣ ድምጿ ከሩቅ የሚለየውን። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ ይህችው አሮጌ መኪና በኤሌክትሪክ የምትሄድበትን ሥራ ለሕዝብ አሳይቷል። የቤንዚን ሞተሩና ጭስ ማውጫው ወጥተው በወለሉ ሥር ባትሪ ይደረደራል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም ይገጠማል። አንድ ጊዜ ተሞልታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተብሏል። ክብደቷ ግን 1,280 ኪሎ ግራም ደርሷል፤ ስለዚህ ፍሬኗም ከሥር የሚሸከማትም ብረት መጠናከር ነበረበት። አዲስ ልብ የገባለት አሮጌ አካል አጥንቱም መታየት አለበት ማለት ነው።

ይህ ሥራ ሁሉንም ደስ አላሰኘም። ጥንታዊ ተሽከርካሪዎች እንዲጠበቁ የሚሠራው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በዚያው ዓመት ተቃውሞውን ገልጿል። ሞተሯ የተለወጠ መኪና ታሪካዊ ልትባል አይገባም፤ መለወጡ የግድ ከሆነም የወጣው ዕቃ ተመዝግቦ ይቀመጥ፣ ወደ ቀድሞው መመለስም የሚቻል ይሁን ባይ ነው። የጥንት ግሪኮችም ሳንቃዋ አንድ በአንድ ስለተለወጠው ስለ ቴሴዎስ መርከብ እንዲሁ ተከራክረዋል።

እኛ ይህን ነገር በራሳችን ታሪክ ብንመዝነው ይሻላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያቺ መኪና ዛሬ ተገኝታ ሞተሯ ቢለወጥ ምስክርነቷ አብሮ ይወጣል? እኛ አይወጣም ባዮች ነን። የዚያን ጧት ምስክር የኋላው መቀመጫ ነው እንጂ ካርቡራተሩ አይደለም። እርግጥ እንዲህ ያለችው ለሙዚየም ትቀመጥ፤ አንድ ብሎንም አይነካባት። በየቀኑ እንጀራ የሚበላባት መኪና ግን ሌላ ናት። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ቀድሞ የገቡት ግን በየጎዳናው አሉ። ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪካችን ግን በአብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን ነው። እንግዲህ ልብ መለወጡ ነውር የለበትም። የባትሪው ዋጋ ለአንድ የላዳ ባለቤት የሚቀመስ አለመሆኑ ነው እንጂ።

ያም ሆነ ይህ፣ በዚህ ሁሉ መሪውን የያዘው ሰው አልተለወጠም። ከባዱ ነገር የሚመጣው እጁ ከመሪው ሲነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት፣ ቴምፒ በምትባል ከተማ አንዲት ሴት በምሽት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ ስትሻገር ኡበር የተባለው ኩባንያ ለሙከራ ያሰማራት በራሷ የምትሄድ መኪና ገጭታ ገደለቻት። የሀገሩ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ እንዳስታወቀው፣ መኪናይቱ ከመግጨቷ 5.6 ሴኮንድ በፊት ሴቲቱን አይታታለች። ነገር ግን ምን እንደሆነች አላወቀችም፤ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት ትላት ነበር። ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ እግረኛ ከመሻገሪያው መስመር ውጭ ይሻገራል ተብሎ አልታሰበም ነበርና። ፋብሪካው የገጠመላት የአደጋ ጊዜ ፍሬንም ኮምፒዩተሩ በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። በመቀመጫው ላይ እንድትጠብቅ የተቀጠረችው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኗ ስልክ ላይ ነበር። በመጨረሻ ማን ተከሰሰ? ኩባንያው በወንጀል አይጠየቅም ተባለ፤ ሠራተኛይቱ ግን ተከሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋቷን አመነችና የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት።

እርሷ አላጠፋችም አንልም። ግን ብቻዋን ነበረች ወይ?

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይገደላል፤ ባለቤቱ ነጻ ነው። ነገር ግን የበሬው አመል አስቀድሞ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ እርሱ ሳይጠብቀው ከቀረ ባለቤቱም በደሙ ይጠየቃል። ሕጉ ማን አጠገቡ ቆሞ ነበር? ብሎ አያበቃም፤ ማን ምን ያውቅ ነበር? ይላል እንጂ። ፍሬኑን እንዳይሠራ ያደረገው ሰው ፍሬኑ እንደማይሠራ ያውቅ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ አምልጦት ቢሆን እንኳ። አሥር አንቀጽ ወረድ ብሎ በ2081 ስለ ባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት በዚያው መንፈስ ይደነግጋል። እንግዲህ ካሣ ከፋይ አይጠፋም። ካሣና ጥፋት ግን አንድ አይደሉም። ካሣውን ኢንሹራንስ ሊከፍለው ይችላል፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚለውን ቃል ግን ኢንሹራንስ አይናገርም፣ ኮምፒዩተርም አይናገርም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ ባለቤቱ ወደ ፋብሪካው፣ ፋብሪካው ወደ ፕሮግራሙ ሊያመለክት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ይህን መሸሻ ለመዝጋት ሞክራለች፤ መኪናው ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ላለው አነዳድ ተሳፋሪው አይከሰስም፤ ፈቃድ የወሰደው ድርጅት መልስ ይሰጣል። ይህ ሕግ ከበሬው ሕግ ጋር የሚስማማ መስሎ ይታየናል።

ነገር ግን ፈርተን እንቢ ማለታችንም ንጹሕ አያደርገንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን መሪውን የያዘው በአመዛኙ ሰው ነው፣ የሰከረ፣ ያንቀላፋ፣ የቸኮለ። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአሪዞና ነጂ የሌለበት ታክሲ ለሕዝብ አቅርቧል፤ ያወጣቸው ጥናቶችም ከሰው ነጂ ያነሰ ጉዳት እንዳደረሰ ያሳያሉ። ጥናቱን ያወጣው ራሱ ባለቤቱ መሆኑን ባንረሳም፣ ነገሩ እውነት ከሆነ «ሰው ይንዳ» ማለታችን የስንት ሰው ሕይወት ያስከፍላል? ነጂው የሚጸጸት መሆኑ ለሞተው ምን ይረባዋል? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። በመካከላችንም ስንወያይ ገሚሶቻችን በዚህ፣ ገሚሶቻችን በዚያ ቆመናል።

የተስማማንበት አንድ ነገር አለ። የቴምፒዋ ሴት የሞተችው መሻገሪያ መስመር በሌለበት በመሻገሯ ሰውነቷ ሳይታወቅላት ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ዜብራ ላይ ብቻ የሚሻገር ስንቱ ነው? የበዓል ሰሞን በግ የሚነዳው፣ እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደው እናት፣ ሰልፍ ሰብሮ የሚሮጠው ተማሪ፣ ሁሉም ያለ መስመር ነው። የእኛ አገር ነጂ ይህን ያውቃል፤ ክላክስ ያደርጋል፣ ይሳደባል፣ ግን ይቆማል። በሰፊና በተሰመረ ጎዳና ተምራ የመጣች መኪና ወደ መርካቶ ብትገባ እነዚህን ምን ብላ ትጠራቸዋለች? ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢፈርም፣ የበሬውን አመል ተነግሮት እንደነበረ ሰው ይቆጠራል።