የኪስ ግምጃ ቤት፦ ምን ይጣል? ምን ይኑር?

የሰው ልጅ ማኖርን በተማረበት ዘመን መጣልንም አብሮ ተምሯል። ጎተራው አዲሱን እህል ከመቀበሉ በፊት የከረመው ይራገፋል፤ ነቀዝ የበላው ለከብት ይሰጣል፤ ደኅናው ለቀለብ ይወርዳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለዘር የሚሆነው ተለይቶ ይቀመጣል። ገበሬው ቦታ ስለ ጠበበው ብቻ ዘሩን አውጥቶ አይጥልም። ይህ ጥንቃቄ ከችጋር የተገኘ ዕውቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ጥያቄም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ጎተራው ዛሬ በኪስ የሚያዝ መሆኑ ነው። በእጅ ስልካችን ውስጥ ቦታ ሲጠብብ ምኑን ልናጠፋ ይገባናል? የማጥፋቱስ መብት የማን ነው?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቴክኒክ እንጂ የሞራል ጉዳይ አይመስልም። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስልካቸውን ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ይኸ ነገር ሞላሁ ሞላሁ እያለ አስቸገረኝ። ልጄ የምትልክልኝ ፎቶ እንኳ አልገባ አለኝ። ያለውን ሁሉ አራግፍልኝ» አሉኝ። ልጃቸው በዱባይ ሠራተኛ ናት፤ እናትና ልጅ የሚገናኙት በዚያች ስልክ ነው።

ስልኩ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ነው። ከዚህ ውስጥ ስልኩ ራሱ የሚንቀሳቀስበት ሥርዓት ብዙውን ቦታ ወስዷል። በተረፈው ላይ የሰፈሩት ደግሞ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ የመልካም ምኞት ሥዕሎች፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ የደረሱ ቪዲዮዎች፣ በስሕተት ደጋግመው የተነሡ የወለልና የጣሪያ ፎቶግራፎች ናቸው። ስልኩ በበኩሉ «ትልልቅ ፋይሎች»፣ «ያረጁ ፋይሎች»፣ «ተመሳሳይ ምስሎች» እያለ የሚጣሉትን በየረድፋቸው አሰልፎ ያቀርባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጬ ላጠፋ ስል ካረጁት መካከል በቁጥር ብቻ የተሰየመ የ47 ሴኮንድ የድምፅ ቅጂ ዐይኔን ያዘው። ከፈትሁት። በሕይወት የሌሉት ባለቤታቸው ለልጃቸው የቀረጹት ምርቃት ነበር።

እናቲቱ ድምፁን እንደ ሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። «ዝጋው። እሱን የሰማሁ ለት ሌሊቱ አይነጋልኝም። አጥፋው» አሉ። በዚያች ቅጽበት የቦታ ጥያቄ የነበረው የኅሊና ጥያቄ ሆነ።

ከዚህ ላይ ሁለት ሚዛኖች መኖራቸውን እንመለከታለን። የስልኩ ሚዛን መጠንንና ዕድሜን ይመዝናል፤ ስለዚህም ትልቁንና ያረጀውን ወደ መጣያው ያቀርባል። የሰው ሚዛን ግን የሚመዝነው ጉድለትን ነው፤ «ይህ ቢጠፋ ሊተካ ይችላልን? በመጥፋቱስ የሚጎዳው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ሚዛኖች አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይስማሙም። ለምሳሌ ያህል፣ በ1080 ጥራት የተነሣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ አቀራረጹ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። የዚያ ምርቃት መጠን ግን 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ማንም ሁለተኛ ጊዜ የማያየውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የጣለ ሰው 60 ያህል እንዲህ ያሉ ምርቃቶችን የሚያኖርበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ቦታ የሚያጣብበው የማይተካው ሳይሆን የሚተካው መሆኑን ይህ ስሌት ብቻውን ያስረዳል።

ስለዚህ ማጥፋት ከመለየት ይጀምራል። በስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ በሦስት ልንከፍለው እንችላለን። የመጀመሪያው ስልኩ ለገዛ ቅልጥፍናው ያከማቸው፣ ካሽ የሚባለው ጊዜያዊ ክምችት ነው። ይህ ቢጠረግ ጉዳት የለውም፤ ሲያስፈልግ ተመልሶ ይመጣል። ነገር ግን በብዙ ስልኮች ላይ ከዚሁ ትእዛዝ አጠገብ የፕሮግራሙን ዳታ በሙሉ የሚያጠፋ ሌላ ትእዛዝ ይገኛል። የመጀመሪያው ቤት መጥረግ ነው፤ ሁለተኛው ቤቱን ከነዕቃው ማራገፍ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ምንጩ በሌላ ስፍራ የሚገኝ ነው። መልሰን ልናወርደው የምንችለው ፕሮግራም፣ ከገበያ የምናገኘው ዘፈን በዚህ ይመደባሉ። ከዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ነገሮች በአጠፋፋቸው ይለያያሉና። በቴሌግራም የመጣ ምስል ከስልኩ ክምችት ቢጠረግ፣ መልእክቱ ራሱ እስካልተሰረዘ ድረስ ከድርጅቱ ማዕከል ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ምስጢራዊ በሚባለው የንግግር ክፍል የተላከው ግን እንዲህ አይደለም። በዋትስአፕ የመጣው በአንጻሩ የሚቀመጠው በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው፤ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ካልተዘጋጀለት ከስልኩ ሲጠፋ ከተቀባዩ እጅ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጠርግ ሰው ገለባውንና ምርቱን በአንድ መንሽ ወደ ነፋስ እንደሚወረውር ይቆጠራል።

ሦስተኛው ክፍል በዓለም ላይ አቻ የሌለው ነው። በገዛ እጃችን ያነሣነው ፎቶግራፍ፣ የሰው ድምፅ፣ ዋናው የጠፋ ሰነድ ምስል፣ እነዚህ የጎተራው ዘር ናቸው።

ብዙዎች ለዚህ ለሦስተኛው ክፍል «ክላውድ ላይ ስላለ አይጠፋም» ብለው ይተማመናሉ። መተማመኑ ከፊል እውነት አለው፤ ከፊል ግን ስሕተት ነው። ከስልኩ ጋር እኩል እንዲራመድ የተደረገ የሩቅ ማከማቻ ጎተራ ሳይሆን መስተዋት ነው፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። በጉግል ፎቶስም ሆነ በአይክላውድ ፎቶግራፍ ቤት በተለመደው መንገድ የተሰረዘ ምስል ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ጉግል ፎቶስ ከስልኩ ላይ ብቻ፣ ያውም ቅጂው በማከማቻው መድረሱ የተረጋገጠውን ብቻ፣ የሚያነሣ የተለየ ትእዛዝ አለው፤ ቦታ ፈላጊው ሊጠቀምበት የሚገባው ይህንኑ ነው። እርግጥ ነው፣ የተሰረዘው ወዲያውኑ አይሞትም። በአይፎን 30 ቀን፣ በጉግል ፎቶስ ደግሞ ቅጂ የነበረው 60 ቀን በቅርጫት ይቆያል። ይህ ለቸኮለ እጅ የተሰጠ የንስሓ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ወደ እናቲቱ ነገር እንመለስ። ድምፁ ከሦስተኛው ክፍል ነው። ይሁንና ባለቤቲቱ «አጥፋው» ብለዋል። ስልኩ የእርሳቸው ነው፤ ሐዘኑም የእርሳቸው ነው። እኔ ማን ነኝና እምቢ እላለሁ? በሌላ በኩል ደግሞ ምርቃቱ የተነገረው ለልጅቱ ነው። ደብዳቤ በማንም ሳጥን ውስጥ ቢገኝ የተጻፈለት ሰው ድርሻ አለው። ተናጋሪውስ ቢሆኑ? የሞተ ሰው አይሟገትም፤ ስለዚህም በሕይወት ያለው ሰው ስለ እርሱ የሚወስነው ውሳኔ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነገሩን ባወጣሁ ባወረድሁ ቁጥር የታየኝ ይህ ነው፦ ያለመስማት መብትና ሌላው እንዳይሰማ የማድረግ መብት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለሐዘንተኛው ሙሉ በሙሉ ይገባዋል። ሁለተኛው ግን ለማንም ብቻውን አይገባውም።

ይህንኑ ለእናቲቱ ነገርኋቸውና በፈቃዳቸው ለልጅቱ ደወልን። ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ጋሼ፣ እኔ ዘንድ የነበረው ስልኬ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል። እንዳይጠፋ አደራ» አለች። እናትዬው ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ለእሷ ይሁን፤ ከእኔ ዘንድ ግን ይውጣ» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ከእኔ ሙግት ሁሉ የተሻለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊገለበጥ አይገባውም። ድምፁ ለልጅቱ ተላከ፤ ሁለተኛ ቅጂ በሜሞሪ ካርድ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ በዚያ፣ እኔ በዚህ ከፍተን እስከ 47ኛው ሴኮንድ አዳመጥነው፤ የተገለበጠ ነገር ተከፍቶ እስካልታየ ድረስ እንደ ተገለበጠ አይቆጠርምና። በቁጥር ብቻ ይጠራ የነበረው ፋይልም የተናጋሪው ስምና የተቀረጸበት ቀን ተሰጠው። ከእናቲቱ ስልክ የተሰረዘው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። መገልበጥ፣ ማረጋገጥ፣ መሰየም፣ በመጨረሻም ማጥፋት። ብዙ ሰው የሚጎዳው አራተኛውን አንደኛ በማድረጉ ነው።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየአድባራቱና በየገዳማቱ የነበሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካን አገር በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ አንድ እሳት፣ አንድ ጎርፍ ወይም አንድ ሌባ ሁለቱን ስፍራ በአንድ ሌሊት ሊያገኝ አይችልም። ይሁን እንጂ ፊልሙ ብቻውን አልበቃም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት እያንዳንዱ ጥራዝ ምን እንደሚይዝ እየመረመሩ በዝርዝር መዝግበውታል። ምክንያቱም ተገልብጦ የማይገኝ ነገር ከጠፋ ነገር አይሻልም። በስልካችን ውስጥ ሺህ ፎቶግራፍ ያለ ስምና ያለ ቀን መከመር ማኖር አይባልም።

የብራናው ነገር ሌላም ቁም ነገር ያስተምረናል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ቆዳ ይፈጃል፤ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ ጸሐፊውም ወራት ይደክምበታል። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው ቀለም ብራናውን ከመንካቱ በፊት ነበር። በፎቶግራፍ ፊልም ዘመንም 36 ምስል የሚይዝ አንድ ጥቅል የገዛ ሰው ከማንሣቱ በፊት ያስብ ነበር። ዛሬ ማንሣት ዋጋ ስለማያስከፍል ምርጫው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ተዛውሯል። ሳናስብ እንሰበስባለን፤ ቦታ ሲያልቅ በችኮላ እንፈርዳለን። በችኮላ የሚሰጥ ፍርድ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሚሆን የታወቀ ነው።

«እንግዲያው ምንም ሳይጣል ሁሉም ይኑር፤ ቦታም ቢሆን ይገዛል» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛ፣ የተገዛ ቦታም ዘላለማዊ አይደለም። ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጥን ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አስቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚገባው ሁሉ ለደብዳቤና ለሌላውም በጋራ ከተሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ ይቈጠራል። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። የሞተ ሰው አካውንቱን አይከፍትም፤ ሌላ ጠባቂ ከሌለው ትዝታው በሁለተኛው ዓመት ለመሰረዝ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ ማጥፋት ራሱ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለአንድ ጉዳይ የተላከልን የሌላ ሰው መታወቂያ፣ በአልጋ ላይ የተነሣ የሕመምተኛ ምስል፣ በምስጢር የተነገረን የወዳጅ ነገር ጉዳዩ ሲያበቃ ከእኛ ዘንድ ሊቆይ አይገባውም። ስልክ ይሰረቃል፤ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የሌላውን ገመና ያለ ምክንያት ተሸክሞ መዞር አደራ መብላት ነው።

ስለዚህ ሁሉን ማኖርም ሁሉን መጣልም ከመፍረድ ለመሸሽ የሚደረጉ ናቸው። የሚያኖረው «አልወሰንሁም» ይላል፤ የሚጥለውም «ስልኩ ነው ያመለከተኝ» ይላል። ስልኩ ቦታ መጥበቡን ሊነግረን ይችላል፤ ቦታው ለማን እንደሚገባ ግን ሊነግረን አይችልም። ይህን መወሰን የእኛ ፈንታ ነው። አንድን ነገር ለማጥፋት ጣቱን ያነሣ ሰው ነገ አንድ ሰው መጥቶ «ያ ነገር የት አለ?» ቢለው የሚመልሰው ቃል አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል። መልሱ «እገሌ ዘንድ አለ» ሊሆን ይችላል፤ «የማንም ስላልነበረ ጣልሁት» ሊሆን ይችላል፤ «የሌላ ሰው ገመና ስለ ነበረ አጠፋሁት»ም ሊሆን ይችላል። «ቦታ ስለ ጠበበኝ» የሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም።

የእኒያ እናት ስልክ አሁን ቦታ አለው፤ የልጃቸው ፎቶግራፍ ሳይከለከል ይገባል። ሜሞሪ ካርዱ በትንሽ ፖስታ ተጠቅልሎ፣ ስሙ ተጽፎበት በእኔ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም። ምናልባትም አይጠይቁኝ ይሆናል። አልፎ አልፎ ግን ካርዱ አሁንም እንደሚሠራ ከፍቼ አረጋግጣለሁ።