ቅድሚያ ያለው ሁሉ ከኀላፊነት ነፃ ነውን?

ሰው በሕግ የተሰጠውን ቅድሚያ ይዞ ሲሄድ ሌላው ሳይጠነቀቅ ቀርቶ ነፍስ ቢጠፋ፥ «ሕጉ ከእኔ ጋራ ነበር» ማለት ብቻ ይበቃዋልን? ይህን ጥያቄ በመንገድ የሚመላለስ ሁሉ፥ ይልቁንም የሌሎችን ነፍስ ጭኖ የሚነዳ ሰው ሊያስብበት ይገባል እንላለን።

አስቀድመን የባሕር ተጓዦችን ሥርዓት እንመልከት። በጥቅምት ወር 1965 ዓ.ም. መንግሥታት ለንደን ላይ የተስማሙበት የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ፥ በሞተር የሚሄዱ ሁለት መርከቦች መንገዳቸው ሲቋረጥ ሌላውን በስተቀኙ የሚያየው እንዲለቅ፥ ሁለተኛውም ጉዞውን ሳይለውጥ እንዲቀጥል ያዝዛል። ነገር ግን መልቀቅ የሚገባው ባይለቅና ግጭቱ የማይቀር ቢመስል፥ ቅድሚያ ያለው መርከብ ራሱ አደጋውን ለማራቅ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ግዴታ አለበት። ቅድሚያ የተሠራው ሥርዓት እንዲኖር ነው እንጂ ሰው እንዲሞትበት አይደለምና።

ሐምሌ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. ሌሊት በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ የተጋጩት አንድሪያ ዶሪያና ስቶክሆልም የተባሉ መርከቦች ሁለቱም ራዳር ነበራቸው፤ አንዱም ሌላውን ከሩቅ አይቶት ነበር። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሌላው የሚያልፍበትን ወገን በራሱ ግምት ወስኖ ስለ ቀረበ 51 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ሌላው እኛ እንዳሰብነው ያደርጋል ብሎ መታመን ጥንቃቄ አይባልም።

ይህ ነገር ከባሕር ርቆ በይፋት ቆላ ለሚኖረው ወገናችንም እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማበር በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ ያልፋል። የተራራውን ጠመዝማዛ የጨረሰ ነጂ ሜዳውን ሲያገኝ ፍጥነት ያምረዋል። ሆኖም በዚያው መንገድ ግመል ይሳባል፥ ከብት ወደ ውሃ ይነዳል፥ ሕፃናትም ይሻገራሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

«መንገዱ የመኪና ነው፤ እረኛው ከብቱን ይጠብቅ» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ እረኛውም ግዴታ አለበት። ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት ሕግ፥ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ሰው፥ በሬው ነፍስ ባጠፋ ጊዜ ባለቤቱም በደለኛ ነው። በጀውሃ ሰውና ከብት እንደሚሻገር የሚያውቅ ነጂም አስቀድሞ እንደ ተነገረው ሰው ነው። መሪ በጨበጠው እጅ ያለው ኀይል ከእረኛው በትር እጅግ ይበልጣልና ዕዳውም በዚያው መጠን ይከብዳል።

እንግዲህ በችሎት ፊት ነፃ የሚያወጣ ነገር ሁሉ በኅሊና ፊት ነፃ አያወጣም። ፍጥነቱን የቀነሰ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይዘገይ ይሆናል፤ የጠፋች ነፍስ ግን በምንም ብልሃት አትመለስም። ስለዚህ ቅድሚያችንን ለወንድማችን ሕይወት ስንል መልቀቅን እንልመድ።