ለልጅ ሁለተኛ ስም ስለ ማውጣት

ባለፈው ዓመት መገባደጃ ላይ አንድ አባት ከልጁ ትምህርት ቤት የተላከለትን ደብዳቤ እንዳነብለት ጠየቀኝ። እንግሊዝኛው ቸግሮት አልነበረም፤ ብቻውን ሊያነበው አልፈለገም እንጂ። ደብዳቤው የሰባት ዓመቱ ልጅ በክፍል ውስጥ እንደማይረጋ፣ ሳይጠየቅ እንደሚመልስ፣ የጀመረውን ሳይፈጽም እንደሚተው ይዘረዝርና፣ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ሳይኖርበት እንደማይቀር ገልጾ ሐኪም እንዲያየው ይመክራል።

እናቲቱ አጠገቡ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ይህ ልጅ እኮ በአራት ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ነው ማንበብ የጀመረው፤ ስለ ከዋክብት የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ከተቀመጠ ቢጠሩት አይሰማም። እንዴት ትኩረት የለውም ይሉታል?» አለችኝ። አባትየው ግን ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እውነት ቢሆንስ?» አለ።

በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል አንድ የሕሊና ጥያቄ አለ። ስለ አንድ ሕፃን «ይህ ነው» ብሎ ለመወሰን የሚበቃው ዕውቀት ምን ያህል ነው? በመዝገብ የሰፈረ ስም ልጁን ለዓመታት ይከተለዋልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ልጅ «ቀልበ ቢስ» ይሉት ነበር፤ መድኃኒቱም አለንጋ ነበረ። በዚህ የምንመካበት የለም። ነገር ግን በየኔታ ፊት ስንማር አንድ መልካም ሥርዓት ነበር፤ ፊደል የለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ የዘለቀ ወደ ዳዊት ይሻገራል እንጂ በዕድሜ ተመድቦ እኩዮቹን አይጠብቅም። የቀደመውም የኋለኛውን ያስቆጥራል። ፈጣኑ ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረውም።

በአሜሪካ ትምህርት ቤት ግን ልጆች የሚመደቡት በዕድሜ ነው። ትምህርቱን ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የጨረሰ ልጅ ቀሪውን ጊዜ በመስኮት ሲመለከት፣ ወይም ጎረቤቱን ሲያውክ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ጄምስ ዌብ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች ጠያቂነትና ዕረፍት ማጣት እንደ ሕመም ሊቆጠር እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ንጽጽር እንዴት እንደሚያሳስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለትምህርት መግቢያ የዕድሜ ወሰኑ የሴፕቴምበር መጀመሪያ በሆነባቸው ግዛቶች፣ በኦገስት ወር የተወለዱት፣ ማለትም ከክፍላቸው ሁሉ የሚያንሱት፣ ከ10,000ው ውስጥ 85ቱ ይህ ችግር አለባቸው ሲባል፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ታላላቆቻቸው ግን 64ቱ ብቻ ናቸው። ሕመም የልደት ወር አይመርጥም። እንግዲያስ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የተመዘኑት በራሳቸው ሳይሆን አጠገባቸው በተቀመጠው ልጅ ነው ማለት ነው።

ይህን ብቻ ብዬ ብተው እናቲቱን ደስ ባሰኘኋት፤ ግን እውነቱን በከፈልኩባት ነበር። ልጁ በመጽሐፍ ተመስጦ መዋሉ ብቻውን ከችግሩ ነጻ መሆኑን አያስረዳም። ሐኪሞች ይህን ችግር የሚረዱት ትኩረትን እንደ ማጣት ሳይሆን ትኩረትን ማዘዝ እንደ መቸገር ነው። የወደደው ነገር ላይ ሰዓታት የሚቆይ ልጅ ጫማውን ለማሰር አሥር ጊዜ ሊጠራ ይችላል። ልዩ ተሰጥዖና ይህ ችግር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ብልህነቱም ችግሩን ሸፍኖ፣ ትምህርቱ እስኪከብድ ድረስ ሳይታወቅ ሊያቆየው ይችላል።

እዚህ ላይ ወላጆች ራሳችንን እንመርምር። «ልጄ ሊቅ ነው» የሚለው ቃል ይጣፍጣል፤ «ልጄ እርዳታ ይሻል» የሚለው ይመራል። በስደት ደግሞ ጣፋጩ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ትተነው ስለ መጣነው ማዕረግና ሙያ ሁሉ ልጁን ካሳ አድርገን እንጠብቀዋለንና። መምህሩ ቸኩሎ የሰጠው ስም ስሕተት ከሆነ፣ እኛ በኩራት የምንሰጠውም ያው ስሕተት ነው። በሁለቱም የሚጎዳው ልጁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መምሪያ መሠረት፣ ምልክቶቹ ከስድስት ወር ያላነሰ መቆየት፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየትና፣ በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መገኘት አለባቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ያለ ወላጅ ምስክርነት ሊፈርድ አይገባውም። እንቅልፉ፣ ዐይኑና ጆሮው አስቀድሞ ይታይ፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ መሆኑም ይነገር። ትምህርት ቤቱ ችግሩን ብቻ ሳይሆን ችሎታውንም እንዲመዝን በጽሑፍ ይጠየቅ። መድኃኒትን በጭፍን መጥላት አይገባም፤ ብዙዎችን ረድቷል። ሆኖም መድኃኒት ካልዋጠ አይማርም ብሎ ማስገደድ ለትምህርት ቤት ሠራተኞች የተፈቀደ አይደለም፤ የልዩ ትምህርት የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሻሻል ይህን ከልክሏል።

ለእነዚያ ወላጆች የመከርኳቸው ለአንድ ወር ደብተር ይዘው ልጁ መቼ እንደሚረጋ፣ መቼ እንደሚበተን እንዲጽፉ ነው። አባት ሌሊት፣ እናት ቀን ይሠራሉ፤ ደብተሩን ለመሙላት ሲሉ የሥራ ሰዓታቸውን ማዛወር ግድ ሆነባቸው። ከወሩ በኋላ አባትየው ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «ሐኪሙ የሚለውን እንሰማለን፤ እኔ ግን ልጄን ሳላየው ሰባት ዓመት እንደ ኖርኩ ገባኝ» አለኝ።

ሐኪሙ ያለው የቤተሰቡ ምስጢር ነውና እዚህ አልጽፈውም። ሁለቱም ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ግን ደብተሩን ይዘው ነበር።