የተራራው መንገድ ሲዘጋ



ዐቢይ ጾም በአገራችን የሚውለው ምድር እጅግ በደረቀችበት ወራት ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይጸና፣ ሣሩ እንደ ገለባ ሆኖ፣ ምንጩም ቀጥኖ ሳለ እኛ ከመብል እንከለከላለን። የእኛ ጾምና የምድር ጥማት በአንድ ወቅት መገናኘታቸውን ልብ ልንል ይገባል፤ ሰደድ እሳትም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነውና።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ያውም በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እሳቱ የጓሳውን ሣርና የአስታውን ቁጥቋጦ በላ፤ ጠፋ ሲባልም እንደ ገና ተቀሰቀሰ። የአካባቢው ሕዝብና የፓርኩ ጠባቂዎች በቅጠልና በአፈር ታገሉት። እግር በማይደርስበት ገደል ግን የሰው ጉልበት አልበቃምና ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች መጡ። ከዚያም አስቀድሞ በ1992 ዓ.ም.፣ በድርቁ ዓመት፣ የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ነድደዋል። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ተሰለፈ፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካም ባለሙያዎች ደረሱ፤ ነገር ግን ዝናብ እስኪወርድ ድረስ እሳቱ ፈጽሞ አልበረደም።

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በጊጭና በጨነቅ አልፎ ወደ ራስ ደጀን የሚዘልቀው መንገድ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ዩኔስኮ ይህን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ እሳት ወይም ድርቅ ሲወድቅ እንግዳው ጉዞውን ለከርሞ ያስተላልፋል፤ ያዝናል እንጂ አይራብም። በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራውና ስንቅ የሚያበስለው ግን የዕለት እንጀራውን ያጣል። ሀብት ባላቸው አገሮችም ይህ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በካሊፎርኒያ ድርቅና እሳት በበረቱ ጊዜ በዚያ ያሉት ብሔራዊ ደኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሕዝብ ተዘግተው ነበር፤ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው የእግረኞች መንገድም በዚያ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አንድ መንገድ ተዘጋ ሲባል ስንሰማ ከመንገደኛው ይልቅ በመንገዱ ዳር የሚኖረውን ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

«እሳቱን ማን ለኮሰው?» ብለን ስንጠይቅ ጣታችን ወደ ድሀው ይቀናል። ቀፎ የሚያጨሰውን ማር ቆራጭ፣ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት አሮጌውን የሚያቃጥለውን እረኛ፣ ደኑን የሚመነጥረውን ገበሬ፣ እንጨት የሚያከስለውን ጎልማሳ እንከስሳለን። እውነት ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብም ስለ አንደበት ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ጥቂት እሳት ታላቅ ጫካ መፍጀቱን ነው። ነገር ግን ከሰሉ በጆንያ ታስሮ የሚሄደው ወደ ማን ነው? እኛ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖር ቡናችንን የምናፈላበት ፍም በአንድ ቦታ የቆመ ዛፍ ነበረ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣና ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ ስንወጣም፣ ለከተማችን ውኃ የሚሰጠው የለገዳዲ ግድብ የሚሞላው በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች በሚወርድ ውኃ መሆኑን እናስብ። ኮረብታው ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ግድቡን በደለል ይሞላዋል። ስለዚህ እሳቱ የሌላ ሰው ብቻ ነው ልንል አንችልም።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ድርቅ በጸና ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ ይጠጣበት የነበረው ወንዝ ደረቀ። እግዚአብሔርም የላከው ወደ ባለጠጋ ጎተራ አይደለም፤ በሰራፕታ ከተማ በር ጭራሮ ወደምትለቅም መበለት ነው። ያቺ ሴት የምትለቅመው እንጨት ለራስዋና ለልጅዋ የመጨረሻውን እንጎቻ ለመጋገር ነበር። ከእጅዋ ያለውን ጥቂት ለእንግዳው ባካፈለች ጊዜ ግን ዱቄቱ አላለቀም፤ ዘይቱም አልጎደለም። እንግዲህ ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጀርባቸው ጎብጦ የሚወርዱትን እናቶች ስናይ ደን አጥፊዎች ናቸው ብለን እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። የሰራፕታዋ መበለት እኅቶች ናቸውና። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ የምድርን ጩኸት የሚሰማ ጆሮ የድሆችንም ጩኸት መስማት አለበት።

ታዲያ ጾማችን ምን ይሁን? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደ ሆነ ያስተምረናል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ከሰልን ፈጽሞ ተዉ ብለን በእናቶች ላይ ሸክም አንጭንም። ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ፍሙን መቀነስ ይቻለናል። የቀረው የከሰልና የጥሉላት ዋጋ በየቤቱ ተጠራቅሞ፣ እሳትና ድርቅ እንጀራቸውን ለዘጋባቸው ወገኖች በቁምስናችን በኩል ይድረስ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆችን ፍም ሳያጠፉ ከሜዳ እንዳይነሡ፣ በክረምት የተከሉትን የጽድና የወይራ ችግኝ በበጋ ውኃ እንዳይነሱት ያስተምሩ። መትከል የአንድ ቀን ደስታ ነው፤ ማጠጣት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ጾም ነው። እንዲያገግም የታጠረ ኮረብታ ስናይም አጥሩን ጥሰን አንለፍ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ለምድር ዕረፍትን ያዘዘ ጌታዋ ነውና።

የሰማይን ደጆች የሚከፍት አምላክ ዝናብን በጊዜው ያውርድልን። ለተቃጠለው ተራራ ልምላሜን፣ መንገዱ ለተዘጋበት ወንድማችን እንጀራን፣ ለእኛም የሚያካፍል ልብን ይስጠን። በጾም የጀመርነውንም በትንሣኤው ብርሃን ያስፈጽመን። አሜን።