አባት ለልጆቹ ስለሚያወርሰው ነገር

አንባቢ ሆይ፤ አባት የደከመበትን ገንዘብ ለልጆቹ ማውረሱ መልካም ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሐሳቡንና ፍርሃቱን ከገንዘቡ ጋራ አስሮ ያወርስ ዘንድ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በጦር ኃይሎች ሰፈር የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ አዛውንት ናቸው።

እኒህ ሰው ብዙ ዘመን የአንድ ንግድ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ከአያት ተነሥቶ የሚመጣው የከተማ ባቡር ከሚያበቃበት ጣቢያ ብዙ አይርቅም። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጎረቤቱ ለማየት ወጣ፤ እርሳቸው ግን የቻይናው ብድር በስንት ዓመት እንደሚከፈል ጠየቁ። ጠባያቸው እንዲህ ነው።

ስለ መንግሥት ሲናገሩ ለውጥ ሁሉ በዝግታ ይሁን ይላሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ኢትዮጵያውያን አክሲዮን አዋጥተው ከአንድ የእንግሊዝ ባንክ ጋራ ያቆሙት አዲስ አበባ ባንክ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት፥ በሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቆም ሕግ ሲፈቅድ እርሳቸውም አክሲዮን ገዙ፤ ከገዙም በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ነግረውኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ያ ሥርዓት ሳይፈርስ በነበረበት ጊዜ፥ በደቡብ አገር ብዙ ጭሰኛ ካመረተው እህል ሲሶውን፥ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለ መሬት ይሰፍር ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ እያሉ የወጡት ያለ ነገር አይደለም። ይህን ባነሣሁባቸው ቀን፥ «እኔ ጭሰኛ አልነበረኝም» አሉ። እውነት ነው፤ ጭሰኛም አልነበሩም።

በንግድ ነገር ግን እኔ ደቀ መዝሙራቸው ነኝ። የሱቅን ሣጥንና የቤትን ሣጥን አትቀላቅል፤ ለሠርግ አትበደር፤ ከራስህ ትርፍ የሠራተኛህን ደመወዝ አስቀድም ይላሉ። እርሳቸው ይህን ሲፈጽሙ አይቻለሁ፤ ሌሎች ብዙዎች ግን ሲናገሩት ብቻ ሰምቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሁለቱ ወንዶች በአሜሪካ ይኖራሉ፤ ሴቲቱ ከእርሳቸው ጋራ ናት፤ የሱቁን መዝገብ የምትይዝ፥ ሐኪም ቤትም የምታደርሳቸው እርሷ ናት። አዛውንቱ ግን ኑዛዜ ብለው ባረቀቁት ወረቀት፥ ሱቁና አክሲዮኑ ወደ አገሩ ተመልሶ ለሚቀመጥ ወንድ ልጅ ይሁን፥ ቤቱም ከቶ አይሸጥ ብለዋል። ልጅቱ ይህን በሰማች ጊዜ፥ «አባዬ፥ እኔስ ከወዴት ልመለስ? መች ሄድኩና» አለቻቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ልጆቹን ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያካፍላል፤ ለሚናዘዝ ሰው ግን ብዙ ፈቃድ ይሰጣል። ስለዚህ አዛውንቱ ሕግ አፈረሱ ልል አልችልም። ቤቱ ከቶ አይሸጥ ማለታቸውም ከፍቅር ነው፤ ምንም እንኳ ቤቱ የቆመበት መሬት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆን። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ልባቸውን የሰበረው፥ የደከመ ሰው ሳይጠየቅ ድካሙ ለሌላ መሰጠቱ ነበር። እነሆ በገዛ ቤታቸው የደከመችው ልጅ ሳትጠየቅ ድካሟ ለሌላ ሊሰጥ ነው። አባት የመስጠት ሥልጣን አለው፤ ከሞተ በኋላ በሕያዋን ላይ የመግዛት ሥልጣን ግን ከወዴት ያገኛል?

በግልጥ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉና፥ ከአራቱ አንዱ እንድሆን ለመኑኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ አስቀድመው ልጅዎን ይጠይቋት፤ ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ወረቀቱንም አጥፈው ወደ ሣጥኑ መለሱትና፥ ልጃቸውን በስሟ ጠሩ።