እኔ እያለሁ

በአንዲት ደጋ ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ከገጠር እየሰበሰበ ወደ ከተማ እየጫነ ጥሪት ያፈራ፣ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ በዕድሩ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። ኮሮና አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ታናሽ ወንድሙን ቀበረ። ቀብሩ ላይ የቆመው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ተለወጠ። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ሳልዘጋጅ አያገኘኝም» ብሎ ማለ።

መሐላውንም ጠበቀ። መኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን አኖረ። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንድ ነገር ሳይዝ አይመለስም፦ አፍና አፍንጫ ላይ ጥብቅ ብለው የሚቀመጡ ማስኮች፣ ቴርሞሜትር፣ የትኩሳት መድኃኒት፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ በረኪና፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ብር። የአምቡላንሱን፣ የጤና ጣቢያውንና መኪና ያለውን የጎረቤቱን ስልክ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈና ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፈው። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

«ኧረ እባክህ፣ ምን ምን እንዳለበት ለእኛም አሳየን» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ?» አላት።

ትልቁ ልጁም ጠየቀው። «አባዬ፣ ድንገት አንተው ብትታመምስ?»

«እኔ እያለሁ!» አለ አሁንም።

ክፋት አልነበረበትም። ጭንቀቱን ለብቻው ተሸክሞ ሌላው እፎይ ብሎ እንዲያድር ፈልጎ ነው። እንዲህ ያለ አባት በየሰፈሩ አለ፤ እንዲህ ያለች እናትም አለች። ፍቅር ነው፤ ግን ቤቱን አያድነውም።

ክረምት ገባ። በሐምሌ ዝናብ መሀል ነጋዴው ከገበያ ሲመለስ ብርድ ብርድ አለው። ማታውን ትኩሳቱ ጨመረ፤ ሳሉ አላስተኛ አለው። በማግስቱ ትንፋሹ አጠረ። በሦስተኛው ቀን መቃዠት ጀመረ፤ «ጆንያውን ቁጠሩ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» ይላል።

ጎረቤት ሰማ፣ ዘመድ ሰማ፣ ዕድርተኛው ሰማ። በእኛ አገር ታሞ ሳይጠየቅ የሚቀር ሰው የለምና ጠያቂው መኝታ ክፍሉን ሞላው። ብርድ እንዳይመታው ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ፤ በመስኮቱና በግድግዳው መሀል ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር በአሮጌ ነጠላ ተወተፈች። ክፍሉ እንዲሞቅ ከሰል ተቀጣጥሎ ገባ፤ እዚያው ላይ ቡና ተፈላ። በሽተኛው ያስላል። አንድ ሽማግሌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግንባሩን ይደባብሱታል። ሕፃን የታቀፈች ዘመድ እግሩ ሥር ተቀምጣለች።

አመሻሹ ላይ ሚስቲቱን ራስ ምታት ያዛት። ሽማግሌው «አዞረኝ» አሉ። ትንሿን የልጅ ልጅ አስመለሳት። «ይኸው፣ በሽታው ተጋባባቸው» አለ አንዱ፤ መስኮቱ ላይ ሌላ ጨርቅ ተጨመረ።

ሚስቲቱ ቁልፉን አየችው። ላብ ባጠመቀው ማተብ ላይ ተንጠልጥሎ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። እጇን ሰደደችና መለሰችው። ነፍስ ካለው ሰው አንገት ላይ ቁልፍ መፍታት ሞቱን መጥራት መስሎ ታያት። ደግሞስ ብትከፍተው ምኑን ለምን ታደርገዋለች? አንድም ቀን አልተነገራት።

የቤቱ ሠራተኛ ከገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። ያን ቀን ቦኖ ውኃ ወረፋ ስትጠብቅ ውላ ጀሪካኗን ተሸክማ ከዝናቡ ገባች። የመኝታ ክፍሉን በር ስትከፍት ታፍኖ የዋለው ሙቀት ፊቷን መታው። ዐይኗ ያረፈው ጠያቂዎቹ ላይ ነው፤ ሁሉም ፈዘዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ወሬው አይያያዝም። ሕፃኑ ሊያለቅስ አፉን ከፈተና ድምፁ ሳይወጣ መልሶ አንቀላፋ። በእሷ አገር ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ቤተሰብ ታውቃለች። ማንንም አላስፈቀደችም። ምድጃውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ አወጣችና ዝናቡ ላይ ደፋችው። ጨርቁን መዝዛ መስኮቱን በረገደችው፤ በሩ እንዳይዘጋ ጀሪካኗን አስደገፈችበት።

«በብርድ ልትገድዪው ነው!» ብለው ጮኹባት።

«እትዬ፣ ኧረ ማለቃችሁ ነው! ሁላችሁም ውጡ!» አለች።

ያ ሁሉ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ አየር ሲያገኝ ራሱ ቀስ በቀስ ቀለለለት። ያን ጊዜ ስለ መኪና ታሰበ፤ የጎረቤቱን ስልክ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ትልቁ ልጅ በዝናብ እየሮጠ ሄዶ በሩን ደበደበ። ነጋዴው ሆስፒታል ደረሰ፣ ኦክስጅን ተሰጠው፣ ከብዙ ቀን በኋላም ዳነ።

ቤቱ ሲመለስ ሳጥኑን በገዛ እጁ ከፈተው። ማስኮቹ ማሸጊያቸው አልተፈታም። የጎረቤቱ ስልክ ክዳኑ ላይ እንደተለጠፈ አለ። የትኩሳቱ መድኃኒት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የባትሪው ድንጋይ ፈስሶ ዝጓል። ይህ ሁሉ ከአልጋው ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ልጅቷን አስጠራት።

«የከሰሉን ነገር ማወቅሽን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ጋሼ?» አለችው።

ሳጥኑ ወደ ሳሎን ወጣ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር ቀረ። ወር በገባ በ12ኛው ቀን ቤተሰቡ ለቡና ሲሰበሰብ ነጋዴው «ዛሬ ማታ እኔ ብወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ የምትመልሰው ሠራተኛዋ ናት፤ ቀጥላ ትንሿ የልጅ ልጅ። ሚስቲቱ ግን እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት መስኮቱን ትዘጋለች፤ እሱ እየተነሣ ይከፍታል። ይህ ክርክር ገና አላለቀም።

ሳጥኑ መልካም ነገር ነው፤ በየቤቱ ቢኖር ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዝግጅት የዚያ ሰው ነው፤ የቤቱ አይደለም። በትንፋሽ የሚመጣ በሽታ ደግሞ አባወራ ነው፣ እማወራ ናት ብሎ አይለይም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው ገበያ የሚወጣውን፣ ታክሲ የሚሳፈረውን፣ ለቀብርና ለለቅሶ የሚሮጠውን ነው፤ ማለትም ያንኑ ሁሉን የሚያውቀውን ሰው።

ይህች አገር ይህን በከባዱ አይታዋለች። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲመታ በከተማዋ የሞተው ሰው እስከ 10 ሺህ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጠና ታመው ተርፈዋል። ቤተሰብ በሙሉ ባንዴ ሲወድቅ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋ ነበር። የዚያ መዓት መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ግቢና ሰፈር መጽዳቱን ማንም አይጠላውም። ጭሱ ግን ጉንፋንን አያባርርም። ሳንባ ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ልጅ ያፍናል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር በየበሩ ውኃና ሳሙና ተቀመጠ። እጅ መታጠቡን ተማርን፤ መስኮት መክፈቱን ግን አልተማርንም። ዛሬም ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋዋል። ኮሮናም ሆነ ጉንፋን፣ ሳንባ ነቀርሳም ሆነ ኩፍኝ ይበልጥ የሚዛመቱት በታፈነ አየር ውስጥ ነው። አየሩ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ያለው ተሕዋስ ይሳሳል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት የሚዘጋጀው መስኮቱ ነው፤ ትይዩ የሆነ በር ወይም ሌላ መስኮት አብሮ ቢከፈት ደግሞ የበለጠ ነው። በሽተኛው ይልበስ፣ ብርድ ልብስ ይጨመርለት፤ ክፍሉ ግን ይተንፍስ። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱም በሽተኛውም ማስክ ያድርጉ። ጠያቂ ወጡን ይላክ፣ በመስኮት በኩል ሰላም ይበል፣ ስልክ ይደውል። ይህን ቀድሞ ያልተስማማበት ቤተሰብ በጭንቁ ቀን ጠያቂን ከደጅ ለመመለስ አንደበት አያገኝም።

ከሰሉማ የራሱ ነገር አለው። የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ሰው ደኅና ሆነ ብሎ ያስገባዋል፤ ጋዙ ግን ከፍሙም ይወጣል። ብዙ ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ ባንዴ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው ከሰሉን ጠርጥሩ። ያን ሰዓት ምርመራ አይፈልግም፤ በር ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ካለ ወዲያው ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ኅዳር 12 ቀንን ለዚህ እናውለው እላለሁ። ቆሻሻው ከሚቃጠል ይልቅ ተሰብስቦ ይነሣ፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሳጥኑን ከፍቶ ጊዜ ያለፈበትን ያውጣ፣ የባትሪውን ድንጋይ ይለውጥ፣ ኦ.አር.ኤስ. እንዴት እንደሚበጠበጥ ለልጅ ያሳይ፣ የትኛው ክፍል ለበሽተኛ እንደሚለቀቅና ማን እንደሚያስታምም ይስማማ። ሠራተኛዋም ትጠየቅ፤ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ የምትውለው እሷ ናት። ትንፋሹ ያጠረ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው ቤት ውስጥ እንደማይቆይ ሁሉም ይወቅ።

አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ዛሬውኑ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ማንበብ የጀመረ ልጅ በሚደርስበት ቁመት።